ቢጫውን ሽቦ ከመቁረጥዎ በፊት

መብራት ሲጠፋ ያስነሱት ጄኔሬተር ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ድንገት ዝም ካለ፣ ገመዱን ደግመው ሲስቡም አንዲት ቀይ ወይም ቢጫ መብራት ብልጭ እያለች አልነሳ ካለ፣ ነገሩ የዘይት ነው። ቢያንስ ማሽኑ የሚለው እንደዚያ ነው። በየሰፈሩ የለመድነው «ጥገና» ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ መካኒክ ይጠራል፣ ከሞተሩ ጎን የሚወጣውን ቢጫ ሽቦ በፒንሳ ይቆርጣል፣ ገመዱን ይስባል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ሞተሩ በእርግጥም ይሠራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዘይቱ ጠብታ ሳይቀር ቢያልቅ እንኳ የሚያቆመው ነገር የለም።

ሽቦውን መንካት በራሱ ክፋት የለውም። ወደ መጨረሻው እርስዎም ለአንድ ደቂቃ ሙከራ ይነቅሉታል። ነገር ግን ሙከራ ሌላ፣ ጥገና ሌላ ነው፤ ከሽቦው በፊትም የሚታዩ ብዙ ነገሮች አሉ።

የምናወራው ከ2 እስከ 6 ኪሎዋት ስለሚደርሱት፣ በቤንዚን ስለሚሠሩት ባለአራት ምት ጄኔሬተሮች ነው። አብዛኞቹ የሆንዳ ጂኤክስ ሞተር ወይም የእሱ ቅጂ አላቸው። በተለምዶ «950» የሚባሉት ትንንሾቹ ባለሁለት ምት ጄኔሬተሮች ዘይታቸው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚቃጠል የዘይት መብራትም ሆነ የዘይት ጋን የላቸውም፤ የእነሱ ጣጣ ሌላ ነው።

መብራቷ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው

መኪናዎ ላይ ያለችው የዘይት መብራት የምትነግርዎ ስለ ግፊት ነው፤ ፓምፑ ዘይቱን በሚገባ እየገፋ ነው ወይስ አይደለም። ይህ ጄኔሬተር ግን የዘይት ፓምፕ የለውም። ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ ግርጌ ላይ አንዲት ምላስ አለች። ሞተሩ በዞረ ቁጥር እንደ ጭልፋ ዘይቱ ውስጥ ገብታ ትወጣለች፤ የጨለፈችውንም ወደ ላይ እየረጨች ሲሊንደሩንና ኩሽኔታውን ታርሳለች። በእኛ አገር መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ እንዲህ ያለው ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ይዞራል፤ ምላሷ በሰከንድ 50 ጊዜ ዘይት ትነካለች ማለት ነው። ዘይቱ ትንሽ ዝቅ ሲል ምላሷ የምትጨልፈው ነገር ታጣለች፤ ብረት ከብረት ጋር መፋተግ የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው።

ይህ እንዳይደርስ ከዘይቱ ጋን ውስጥ አንድ ተንሳፋፊ ሴንሰር ተገጥሟል። ዘይቱ በቂ ሲሆን ይንሳፈፋል። ሲጎድል ወደ ታች ይወርድና የቢጫውን ሽቦ መስመር ከማሳ ጋር ያገናኛል፤ ያን ጊዜ ቦቢናው ይታፈናል፣ ካንዴላው እሳት ያጣል፣ ሞተሩም ይቆማል። መብራቷ ራሷ የምትበራው ሞተሩ ሲዞር ከሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ከቆመ በኋላ የሚያዩዋት ገመዱን በሚስቡባት ቅጽበት ብቻ ነው። ስለዚህ ሲስቡ አንድ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ይመልከትልዎ። ብልጭ ካለች ወደ ዘይቱ ይሂዱ። ጭራሽ ካላለች ግን ምናልባት የቤንዚኑ መዝጊያ አልተከፈተም፣ ወይም ማብሪያ ማጥፊያው «ጠፍቷል» ላይ ነው፣ ወይም ካንዴላው ቆሽሿል።

ከዚህ አሠራር አንድ ቁም ነገር ይከተላል፦ መብራቷ የምታውቀው ተንሳፋፊው ላይ ነው ወይስ ታች የሚለውን ብቻ ነው። ዘይቱ አርጅቶ ይሁን፣ ቤንዚን ገብቶበት ይሁን፣ ከልክ በላይ ሞልቶ ይሁን አታውቅም። ማሽኑ ተንጋዶ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን መሸሹንም ከእውነተኛ ጉድለት አትለይም። ዳኛው የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው።

መለካት

በመጀመሪያ ገመዱን መሳብ ይተው። አሥር ጊዜ መሳብ ዘይት አይጨምርም። የተሰኩትን ዕቃዎች ሁሉ ይንቀሉ፣ ማብሪያውን ያጥፉ፣ የቤንዚኑን መዝጊያ ይዝጉ፤ ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል ይታገሱ። በየቦታው የተረጨው ዘይት ወደ ጋኑ ወርዶ የሚጠራቀመው ያን ጊዜ ነው፤ ማርሚታውም እጅ ከሚያቃጥልበት ደረጃ ይወርዳል።

ቀጥሎ ማሽኑን ልል ባልሆነና ሜዳ በሆነ ነገር ላይ ያቁሙት። የግንበኛ ውኃ ልክ ካለዎት ይጠቀሙበት፤ ከሌለዎት ግማሽ ድረስ ውኃ የያዘ ሃይላንድ በጎኑ ጋደም አድርገው የውኃውን መስመር ማየት ይበቃል።

የዘይቱ መክደኛ ከሞተሩ ሥር፣ በጎን በኩል ነው፤ ጥቁር ወይም ግራጫ ፕላስቲክ ሲሆን ዘንጉ ከሱ ጋር የተያያዘ ነው። ከመክፈትዎ በፊት ዙሪያውን በጨርቅ ይጥረጉ። እዚያ የተጋገረው አቧራና አሸዋ ወደ ውስጥ ከገባ እድሜ ልኩን እዚያው ሲፈጭ ይኖራል። አውጥተው ዘንጉን በሶፍት ያጽዱ፣ መልሰው ይክተቱ፣ ነገር ግን አያጥብቁት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በጂኤክስ ዓይነት ሞተሮች ልኩ የሚነበበው መክደኛው ሳይጠመዘዝ ቀዳዳው አፍ ላይ ተቀምጦ ነው። ጠምዝዘው ካጠበቁት ዘንጉ ጠልቆ ስለሚገባ የጎደለው ዘይት ሙሉ መስሎ ይታያል። ተጠምዝዞ የሚለካባቸው ስሪቶችም ስላሉ የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ ካልጠፋ እሱን ይመኑ።

ሲያወጡት ዘንጉ ላይ ያለውን የዘይት መስመር ያንብቡ፦ ከላይኛው ምልክት አጠገብ ከሆነ ሙሉ ነው፤ ከታችኛው ካነሰ ጎድሏል። ዘንጉ ላይ ምልክቱ ጠፍቶ ከሆነም አይቸገሩ። በእነዚህ ሞተሮች ማሽኑ ሜዳ ላይ ቆሞ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው ከንፈር ደርሶ ሊፈስ ሲል፣ ያ ነው ሙሉው ልክ።

ልኩን ካዩ በኋላ ዘንጉን ወዲያው አይጥረጉት፤ ጠብታውን ነጭ ሶፍት ላይ ያሳርፉና ወደ ብርሃን ያስጠጉት። ጠቆር ብሎ የሚያሳልፍ ዘይት የሠራ ዘይት ነው፤ አያሳስብም። ሶፍቱ ላይ መሐሉ ጥቅጥቅ ብሎ ጠቁሮ ከቀረ፣ በጣት ሲታሽም ከከረከረ ጊዜው አልፏል። ነጣ ያለ ቡኒ ሆኖ ከደፈረሰ ውኃ ገብቶበታል፤ ክረምቱን ደጅ ያደረ ማሽን ላይ የሚታይ ነው። አሁን ያሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ በተለይም ልኩ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ማሽኑን እንዳያስነሱት፤ ለምን እንደሆነ ከታች አለ።

አዲስ ማሽን ገዝተው ገና ሲያስነሱት መብራቷ ብልጭ ካለች ደግሞ ምንም አልተበላሸም። ብዙዎቹ ጄኔሬተሮች ከፋብሪካ የሚመጡት ዘይት ሳይኖራቸው ነው። ወደ ሱቁ ተሸክመው ከመመለስዎ በፊት መክደኛውን ይክፈቱት።

የቆመበት ቦታ

ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ማሽኑ ግን ከጠፋ፣ ወደ ሽቦ ከመሮጥዎ በፊት ጎንበስ ብለው እግሮቹን ይዩ። የሱቅ ጄኔሬተር የሚቆመው በር ላይ፣ ኮብልስቶን ወይም ወደ ቦይ ያዘመመ የእግረኛ መንገድ ላይ ነው። አንደኛው እግር ድንጋይ ላይ፣ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ሲንቀጠቀጥ ዘይቱ ከሴንሰሩ ወዲያ ይሸሻል፤ ተንሳፋፊው ለአፍታ ይወርዳል፤ ሞተሩ ይጠፋል። ምልክቱ ይታወቃል። ሲነሳ ይነሳል፣ ከአምስት ወይም ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይጠፋል፣ ቦታ ሲቀይሩለት ደግሞ ምንም ሳይሆን ይሠራል። የእግሮቹ ጎማ ካለቀ ንቅናቄው ስለሚበዛ ሜዳ ላይም ቢሆን ያው ሊያደርግ ይችላል። ከአሮጌ ጎማ አራት ቁራጭ ቆርጦ ከሥር ማንጠፍ ይረዳል።

ሜዳ ወለል ፍለጋ ግን ማሽኑን ወደ ቤት ውስጥ አያስገቡት። ሳሎኑ ሴራሚክ ነው፣ የኮንዶሚኒየሙ ኮሪደርም ልክ ነው፣ በረንዳውም ያምራል፤ ሦስቱም ቦታ ሰው ይገድላሉ። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደንብ ያልተቀጣጠለ ከሰል በተዘጋ ቤት የሚያደርገውን የሚያደርገው ያው ጋዝ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። መስኮት መክፈት አይበቃም። ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር አርቀው፣ ጭሱ ወደ ቤት በማይነፍስበት አቅጣጫ ያቁሙት። የጎረቤት መስኮትም መስኮት ነው።

መሙላት፣ ግን ሊትሩን በሙሉ አይደለም

ጉድለት ካገኙ ይሙሉት። 163 ሲሲ ሞተር፣ ማለትም በ2 እና በ3 ኪሎዋት መካከል ያሉት ማሽኖች ላይ ያለው ጂኤክስ 160ና ቅጂዎቹ፣ ባዶ ሆኖ የሚወስደው 0.6 ሊትር ያህል ነው። 5 እና 6 ኪሎዋት የሚባሉት ላይ የሚገኘው 389 ሲሲው 1.1 ሊትር ይወስዳል። በእጅ የሚንጠለጠሉት ትንንሾቹ ኢንቨርተር ጄኔሬተሮች ብዙ ጊዜ 0.4 ሊትር አካባቢ ነው የሚይዙት። ዘይት ግን የሚሸጠው በሊትር ነው። ገዢው የአንድ ሊትሩን ጠርሙስ ከፍቶ እስከ መጨረሻው ይገለብጠዋል፤ የተረፈውን ምን ላድርገው ብሎ። ከመጠን በላይ የሞላ ዘይት በመተንፈሻው ቱቦ አልፎ የአየር ማጣሪያውን ያበሰብሳል፣ ማርሚታው ነጭና ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው በዘይት ይነከራል። ትርፉን ከድነው ያስቀምጡት፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ነው።

አፈሳሱ ጥበብ የለውም። የሃይላንድ አንገት ቆርጠው ይገልብጡ፣ በጥቂት በጥቂቱ ያፍስሱ፣ ደቂቃ ጠብቀው ይለኩ፣ ይድገሙ።

ስለ ዓይነቱ፦ በአዲስ አበባና በመሰል ደጋ ቦታዎች 10ደብሊው-30 ለዓመቱ ሙሉ ይስማማል። ሰመራ፣ ጋምቤላ ወይም ድሬዳዋ ለሚሠራ ማሽን ኤስኤኢ 30 የተሻለ ነው፤ ሙቀት ሲበዛ ቶሎ አይቀጥንም። ጠርሙሱ ላይ የባለአራት ምት ቤንዚን ሞተር ዘይት መሆኑንና የጥራት ደረጃው «ኤስጄ» ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ መሆኑን ያረጋግጡ። የሞተርሳይክል ባለሁለት ምት ዘይት እዚህ ቦታ የለውም። ከበርሜል ተቀድቶ በሃይላንድ የሚሸጠውን ደግሞ ርካሽ ነው ብለው እንዳይገዙ፤ ከአንድ ሊትር ዘይት የሚተርፈው ብር ከሞተሩ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሞልተው ሲያስነሱት ከሠራ፣ ማድቤት ያለው ካላንደር ላይ ቀኑን ይጻፉ። ዘይት ከዝግ ሞተር ውስጥ በራሱ አይጠፋም፤ ጎድሎ ከተገኘ የሄደበት አለ።

ዘይቱ የት ሄደ?

ጋዜጣ ወይም ካርቶን ከማሽኑ ሥር አንጥፈው ያሳድሩት። ጠዋት ነጠብጣብ ካዩ ቦታውን ወደ ላይ ተከትለው ያግኙት። በብዛት የሚያንጠባጥበው የማፍሰሻው ብሎን ነው፤ ሥሩ ያለችው ሮንዴላ ተጨፍልቃ ወይም ጠፍታ ነው። አዲስ ሮንዴላ መግጠም እንጂ ብሎኑን አብዝቶ ማጥበቅ መልስ አይደለም፤ የሞተሩ አካል አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ ይቦጨቃል። ከጎን ክዳኑ ጓርኒሲዮን ወይም ከዋናው ዘንግ ዙሪያ ካለው የዘይት መያዣ ጎማ የሚያፈስ ከሆነ የጋራዥ ሥራ ነው።

ካርቶኑ ንጹሕ ሆኖ ዘይት ከጎደለ ግን እየተቃጠለ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከጀርባ ቆመው ማርሚታውን ይዩ። ሲነሳ ትንሽ ጨሶ የሚተው ከሆነ ምናልባት በጉዞ ላይ ተጋድሞ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ አልፎ ነው፤ ያልፋል። ሥራ ላይ እያለ ያለማቋረጥ ሰማያዊ ጭስ ከወጣና ካንዴላው ሲፈታ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ፣ የፒስተኑ ፋሻ ወይም የቫልቮቹ መምሪያ አልቋል።

ፋሻ ያለጊዜው የሚጨርሰው አቧራ ነው። ግንባታ በማያቋርጥበት ሰፈር ይህ ተራ ነገር አይደለም። የአየር ማጣሪያውን ሳጥን በካቻቪቴ ወይም በእጅ ይክፈቱ። ስፖንጁ በሳሙና ውኃ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ንጹሕ የሞተር ዘይት ይነካና ትርፉ እስኪወጣ ድረስ ይጨመቃል። የተቀደደ ከሆነ ይቀየር። ስፖንጅ የሌለው ጄኔሬተር የሰፈሩን ሲሚንቶ እየተነፈሰ ነው የሚሠራው።

ሦስተኛው ዕድል መጉደል ሳይሆን መብዛት ነው፤ ቤንዚን የሚሸት፣ ቀጥኖ ከልኩ በላይ የቆመ ዘይት። የካርቡሬተሩ መርፌ በቆሻሻ ተይዞ ሳይዘጋ ሲቀርና የቤንዚኑ መዝጊያ ክፍት ሆኖ ሲያድር፣ ቤንዚኑ በሲሊንደሩ በኩል ወደ ዘይቱ ጋን ይወርዳል። የዘይት መብራቷ በዚህ ጊዜ ዝም ትላለች፤ ለሷ ጋኑ ሙሉ ነው። ቤንዚን የተቀላቀለበት ዘይት ግን የማለስለስ አቅሙ ስለሚወርድ ሞተሩን ከዘይት እጦት ባልተናነሰ ይጎዳዋል። ካርቡሬተሩ ይጸዳ፣ ዘይቱ በሙሉ ይቀየር፤ ከዚያም ማሽኑ ሲያርፍና ሲጓጓዝ መዝጊያውን መዝጋት ልማድ ይሁን።

2,300 ሜትር ላይ

የመመሪያ መጽሐፎቹ የሚጻፉት በአብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። የእነዚህ ሞተሮች ጉልበት በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ እዚህ ሲደርስ ሩብ ያህሉ ጠፍቷል። 2,000 ዋት የተጻፈበት ማሽን በአዲስ አበባ 1,500 ዋት ገደማ ቢሰጥ ነው። ባለቤቱ ግን የሚያምነው የተለጠፈውን ቁጥር ነው፤ ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የውኃ ማፍያውን አንድ ላይ ይሰካል። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ብቻውን 3,500 ዋት አካባቢ ስለሚፈልግ በዚህ ማሽን አይታሰብም። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ሞተር ይግላል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ማቃጠልም ይጀምራል። በየሳምንቱ ዘይት የሚጨምር ሰው አንዳንዴ ማሽኑን ሳይሆን ጭነቱን ነው ማየት ያለበት።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ማርሚታው ጥቁር ይጨሳል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል። ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ማሽን የካርቡሬተሩን ዋና ጅግለር በጠበበ ቀዳዳ ማስቀየር አምራቾቹ ራሳቸው የሚመክሩት ነው። ማሽኑን ወደ ቆላ የሚወስዱት ከሆነ ግን የቀድሞውን መልሰው ያስገጥሙ፤ በጠበበው ቆላ ላይ ቢሠራ ከልክ በላይ ይግላል።

ሽቦውና ሴንሰሩ

ዘይቱ ሙሉና ንጹሕ ነው፣ ማሽኑ ሜዳ ላይ ነው፣ መብራቷ ግን ብልጭ እያለች ነው። አሁን ወደ ሽቦው ተራ ደረሰ።

ከሞተሩ ጎን፣ ከመክደኛው ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ ነጠላ ሽቦ ከብረቱ ውስጥ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ቢጫ ነው። ተከትለውት ሲሄዱ በፕላስቲክ የተሸፈነች መሰኪያ ያገኛሉ፤ ከሷ ወዲያ በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለች። መጀመሪያ መንገዱን በዓይን ይመርምሩ። ማርሚታ ነክቶት የቀለጠ፣ ከሞተሩ ክንፎች ጋር ሲፋተግ ተልጦ ብረት የነካ ሽቦ፣ ሴንሰሩ ዘይት የለም ሲል የሚያደርገውን ያደርጋል። ይህ ከሆነ በቴፕ መጠቅለልና በማሰሪያ ከሙቀት አርቆ ማሰር ይበቃል።

ሽቦው ጤነኛ ከሆነ መሰኪያዋን በእጅ ይንቀሉ። አይቁረጡ። ቴስተር ካለዎት ድምፅ በሚሰጥበት መለኪያ ላይ ያድርጉትና አንዱን ጫፍ ከሞተሩ በሚመጣው ሽቦ፣ ሌላውን በንጹሕ የሞተር ብሎን ላይ ያሳርፉ። ዘይት ሞልቶ እያለ ድምፅ ሊሰጥ አይገባም። ድምፅ ከሰጠ ተንሳፋፊው ታች ላይ ተጣብቋል ማለት ነው። ድምፅ ካልሰጠና መብራቷ ግን ብልጭ የምትል ከነበረ ጥፋቱ ጥቁሯ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ይህ መልካም ዜና ነው፤ ሳጥኗ ከውጭ ስለሆነች ሞተር ሳይከፈት ትቀየራለች።

ቴስተር ከሌለዎት ሽቦው ተነቅሎ እያለ ምንም ዕቃ ሳይሰኩ ለአንድ ደቂቃ አስነስተው ያጥፉት። ከተነሳ ጥርጣሬው ከሴንሰሩ መስመር አይወጣም። ካልተነሳ ዘይቱን ይተዉትና ጥቁሯን ሳጥን፣ ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ቤንዚን ይፈትሹ። ሙከራው የሚፈቀደው ልኩን በገዛ ዓይንዎ አይተው ከሆነ ብቻ ነው። ሲጨርሱ መሰኪያዋን መልሰው ይሰኩ።

የተጣበቀ ተንሳፋፊ ሁልጊዜ አይሞትም። ዓመታት ባልተቀየረ ዘይት ውስጥ ዝቃጭ ይዞት ከሆነ መሰኪያዋን ነቅሎ ሞተሩን ጥቂት አሙቆ አሮጌውን ማፍሰስ፣ አዲስ ሞልቶ ጥቂት አሠርቶ ደግሞ ማፍሰስ ሊያላቅቀው ይችላል። ካልተላቀቀ መቀየር አለበት። ሴንሰሩ ከውስጥ በኩል በብሎን የታሰረ ስለሆነ የሞተሩ የጎን ክዳን ይከፈታል፣ ጓርኒሲዮኑም አብሮ ይቀየራል። ለመካኒኩ ከመጀመሪያው «ሴንሰሩ ይቀየር፣ አሮጌውን ስጠኝ» ይበሉት። አሮጌው ዕቃ በእጅዎ ሲገባ ሽቦ ቆርጦ የሴንሰር ዋጋ መቀበል ይከብዳል።

የናፍጣ ጄኔሬተር ያለው ሰው ከዚህ ክፍል አብዛኛውን ይለፈው። የናፍጣ ሞተሮች የዘይት ፓምፕ ስላላቸው መብራታቸው እንደ መኪና በግፊት ነው የምትሠራው፤ ቁልፍ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ መብራቷ ብትበራ ጤና ነው። ከተነሳ በኋላ ካልጠፋች ግን ወዲያው አጥፍተው ዘይቱን ይለኩ።

ዘይት ሲቀየርና ቀድሞ የተቆረጠ ሽቦ ሲገኝ

አዲስ ሞተር የመጀመሪያ ዘይቱ በ20 ሰዓት ወይም በወሩ ይቀየራል፤ ክፍሎቹ እርስ በርስ ሲለማመዱ የፈጩት የብረት ብናኝ አብሮ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ ነው፤ የቀደመው። 100 ሰዓት ብዙ ይመስላል። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት መብራት በፈረቃ በነበረበት ጊዜ ዓይነት፣ በቀን አራት ሰዓት ለሚሠራ የሱቅ ማሽን 25 ቀን ማለት ነው። አብዛኞቹ እነዚህ ሞተሮች የዘይት ፊልትሮ የላቸውም፤ ቆሻሻው የሚወጣው ከዘይቱ ጋር ብቻ ነው።

ሲቀይሩ ሞተሩን ሁለት ሦስት ደቂቃ አሙቀው ያጥፉት፣ ሰፊ ሳህን ከሥር ያድርጉ፣ መክደኛውን ከዚያም የማፍሰሻውን ብሎን ይፍቱ፣ መጨረሻ ላይ ማሽኑን ወደ ቀዳዳው ጋደል ያድርጉት። የወጣውን በጀሪካን አጠራቅመው ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይስጡ፤ ቦይ ውስጥ የፈሰሰ ዘይት ወደ ወንዝ ነው የሚሄደው።

ያገለገለ ጄኔሬተር ከገዙ ወይም ማሽንዎ ከዚህ በፊት መካኒክ የነካው ከሆነ፣ ቢጫው ሽቦ በቴፕ ተጠቅልሎ የተንጠለጠለ መሆኑን ይዩ። ብዙ ጊዜ ሰው የሚያስቆርጠው ለአንድ ቀን ችግር ነበር፤ ሴንሰሩ ሳይበላሽ ነው መስመሩ የተቋረጠው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ዘይቱን አፍስሰው ጋኑ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ አዲሱን ከመሙላትዎ በፊት፣ ከሞተሩ በሚወጣው የሽቦ ጫፍና በማሳ መካከል ቴስተሩን ያሳርፉ። አሁን ድምፅ መስጠት አለበት። ከሰጠ አዲሱን ዘይት እስከ ልኩ ይሙሉና ደግመው ይለኩ፤ ድምፁ መጥፋት አለበት። ሁለቱንም ካለፈ ሴንሰሩ ደህና ነው፤ የተቆረጡትን ጫፎች በመሰኪያ አገናኝተው መልሰው ይሰኩ።